አንዴ ተናግሮ መጠበቅ

መርዶ በእኛ አገር ዙሪያውን እየተዞረ ነው የሚነገረው። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፣ "ትንሽ አሟት ነበር" ይባላል። ሰሚው ራሱ ደርሶበት እስኪጮህ ድረስ ቃሉን ከአፉ የሚያወጣ አይገኝም። አብሮኝ የተማረው ሙሉጌታ ግን ከዋሂል ደውሎ "ፈቲያ ሞተች" አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ አልተቋረጠም። ትንፋሹ ይሰማል። እየጠበቀኝ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን "እንዲህ ተብሎ መርዶ ይነገራል?" ብዬ እቀየመው ነበር። ሙሉጌታን ግን እንዴት ልቀየመው? እንዲህ አድርጋ ያስተማረችን እሷው ናት። አንዴ ተናገር፣ በአንድ ቋንቋ ተናገር፣ ከዚያ አፍህን ዝጋና ጠብቅ። ዶክተር ፈቲያ ያስተማረችን ትምህርት ቢጨመቅ ከዚህ ብዙም አያልፍም። እሱን ለመማር ግን ሁለት ዓመት ፈጀብን።

ያወቅኳት የማስተርስ ትምህርት ስማር ነው። ትምህርቱ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች መምህራንን የሚያሠለጥን ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቀን፣ በክረምት ደግሞ በየቀኑ። ተማሪዎቹ ከድሬ ዳዋ ትምህርት ቤቶችና ከገጠር ቀበሌዎቹ የተሰበሰብን መምህራን ነን። በሁላችንም ክፍል ውስጥ አንድ የማይናገር፣ ወይ ጆሮውን ይዞ የሚወዛወዝ፣ ወይ በር በተከፈተ ቁጥር የሚሮጥ ልጅ ይኖራል። ምን እንደምናደርገው ግን የነገረን ሰው አልነበረም።

ፈቲያ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯን በክር አስራ ደረቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት ነበረች። ተወልዳ ያደገችው መጋላ ሰፈር ነው። ከክፍል ውጪ የሚያውቃት ሰው ዝምታ ታስተምራለች ቢባል ስቆ ያልፋል። ከባጃጅ ሳትወርድ ወሬ ትጀምራለች። ለሹፌሩ በሶማሊኛ፣ ለቲማቲም ሻጯ በኦሮምኛ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ ስልኩ ላይ ላለችው እህቷ በሐረሪ፤ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ። የሰው ሚስጥር እሷ ዘንድ አያድርም። ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው የጀመረውን ዓረፍተ ነገር እሷ ትጨርሰዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬው ካሰበው የተሻለ አድርጋ ነው፣ ስለዚህ ይበልጥ ያናድዳል። ከኋላዋ "ሬዲዮ" እንደሚሏት ታውቃለች። "ሬዲዮ ከሆንኩ ባትሪዬን አትጨርሱብኝ፣ አቦ!" ትላለች።

ክፍል ስትገባ ግን ሌላ ሰው ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ሰላምታ ሰጥታን ወንበር ስባ ከፊታችን ተቀመጠች።

"ይህን ትምህርት ለምን መረጣችሁት?" አለች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች፤ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ፣ ዱዓ እንደሚያደርግ ሰው። የመጠበቂያ አቀማመጧ ይህ ነበር። ያን ቀን አላወቅንም እንጂ በኋላ መዳፏ ወደ ላይ ከዞረ ሰዓቱ እንደማይቆጠር ሁላችንም ተማርን።

እኛም ተራ በተራ ተናገርን። አንዷ ለሕፃናት ስላላት ፍቅር፣ አንዱ ስለ ሙያ ኃላፊነት፣ እኔም ስለማላስታውሰው ትልቅ ነገር። ተናግረን ጨረስን። እሷ ምንም አላለችም። መዳፎቿ እንዳሉ ናቸው። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ይንቋቋል። አንዱ አሳለ፤ አንዷ ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች። በስተመጨረሻ ከኋላ በኩል ሙሉጌታ፣ "እኔ እንኳን የደረጃ እድገት ፈልጌ ነው" አለ።

ፈቲያ እጆቿን አጨብጭባ ሳቀች። "ይኸው! የመጀመሪያው መልስ የአፍ ነው። ሲጠበቅ የሚመጣው ነው የሆድ። አሁን ትምህርት ጀምረናል።"

ሙሉጌታ ገጠር ወጥቶ ዋሂል የሚያስተምር፣ ረጋ ያለ፣ ልጆች የሚወዱት ሰው ነው። ኦሮምኛውም ሶማሊኛውም የቤቱ ያህል ነው። እንግዲህ እንደ እሱ ያለ ሰው ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ግን የመጀመሪያውን ስህተት የሠራው እሱ ነው፤ ስህተቱም የድሬ ሰው ብቻ የሚሠራው ዓይነት ነው።

የመለማመጃ ክፍላችን ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ሐያት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቷ ይዛት መጣች። ሐያት አትናገርም። የለስላሳ ቆርኪ ትወዳለች፤ ጠረጴዛ ላይ በመስመር ትደረድራለች፣ አንዱ ከተነካ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ሙሉጌታ አጠገቧ ሄዶ በለሰለሰ ድምፅ "ተቀመጪ" አላት። አልተቀመጠችም። "ታኢ" አላት በኦሮምኛ። ዝም። "ፈዲሶ" አላት በሶማሊኛ። ድሬ ላይ ደግነት እንዲህ ነው። ሰው ካልመለሰልህ ቋንቋህ አልገባውም ማለት ነው፤ ቀይረህ ትነግረዋለህ፤ ያም ካልሆነ ሌላ ትሞክራለህ። ባጃጅ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ ክሊኒክ ውስጥ የኖርነው እንዲህ ነው። ሙሉጌታም የቻለውን ያህል ደግ ሆነ። ሐያት ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ስር ገባች፤ ቀጥላ በሩን በርግዳ ወጣች። የግቢው ዘበኛ በሩ ላይ ባይዛት ዋናው መንገድ ላይ ነበረች።

ፈቲያ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም አይታለች። ሙሉጌታ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ፣ "ምን አደረግኳት? ድምፄን እንኳን ከፍ አላደረግኩም" አላት።

"አላደረግክም። ሦስት ሰው ግን አናገራት። ሦስቱም አንተ ነህ" አለችው።

ከዚያ ለሁላችንም አስረዳች። እንዲህ ያለች ልጅ የሰማችውን አንስታ፣ አገላብጣ፣ መልሷ የት እንዳለ ፈልጋ እስክታገኝ ጊዜ ይወስድባታል። ፍለጋው መሃል ላይ ሌላ ቃል ሲወረወርባት የያዘችውን ጥላ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ሦስተኛው ሲመጣ ጆሮዋን ትይዛለች። "እናንተም ብትሆኑ ትይዙ ነበር" አለች።

አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ "ዶክተር፣ ስለዚህ ብዙ ቋንቋ ለእነዚህ ልጆች ጉዳት ነው ማለት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ማን አለሽ? እኔ በአራት ቋንቋ ያለቀስኩ ሴት ነኝ፣ ምን ሆንኩ? ቋንቋው አይደለም የጎዳት፣ ጥድፊያችን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።"

የሐያት አባት ልጁ ዋናው መንገድ ልትገባ እንደነበር በዚያው ቀን ሰማ። ሐጂ ዩሱፍ መጋላ ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። በማግስቱ ሐያት አልመጣችም። እናቷ ብቻዋን መጥታ በር ላይ ቆማ ነገረችን፤ አባቷ "በቃ" ብሏል። ሐያት ወደ ጓሮ ክፍሏ ተመልሳለች፤ በሩም ተቆልፏል።

ፈቲያ ያን ዕለት ወሬ አላወራችም። ማታ ላይ እኔንና ሙሉጌታን ይዛ ቤታቸው ሄደች።

ሐጂ ዩሱፍ ጨካኝ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው እንዳይፈረድበት ነው። ባለፈው ክረምት ሐያት ከቤት ጠፍታ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ተገኝታ ነበር፤ ከተራራው በኩል ደመናው ጠቁሮ፣ ሰው ሁሉ ከወንዙ ዳር እየሸሸ ሳለ። እሷ አሸዋው መሃል ተቀምጣ ጠጠር ትደረድር ነበር። ጎርፉ የመጣው እሷ ከወጣች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነው። የጓሮው ክፍል ቁልፍ የተገዛው ያን ሳምንት ነው።

"ዶክተሬ፣ አንቺ ስለ ትምህርት ታወሪያለሽ። እኔ የማየው ውሃውን ነው" አላት።

"እኔም የደቻቱን ውሃ አውቀዋለሁ ሐጂ" አለች ፈቲያ። ቀጥላ ሐያትን በየትኛው ቋንቋ እንደሚያናግሯት ጠየቀች። ሐጂ በሶማሊኛ አለ፣ የአባቷ ቋንቋ ነው። አብረውን የተቀመጡት አያቷ በሐረሪ አሉ። እናትየው ምንም አላለችም። ፈቲያ "እሺ" ብላ ተቀመጠች፤ መዳፎቿ ወደ ላይ ዞሩ። ሻይ መጣ፣ ቀዘቀዘ፣ ተነሳ። ሐጂ ሶላቱን ሰግዶ ተመለሰ፤ እኛ እዚያው ነን። ሙሉጌታ እኔን ያየኛል፣ እኔም እሱን። እናትየው መቀመጡ ሲሰለቻት ተነስታ ጓሮ በር ላይ ያለውን ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ እያጠፈች ለራሷ በኦሮምኛ ታጉረመርማለች። ሐያት፣ ለእኛ ሲባል ከተከፈተው ክፍሏ ወጥታ፣ እናቷ እግር ስር ተቀመጠች።

ፈቲያ በጣቷ ብቻ አሳየችን፤ ልጅቷ የምትመጣው ወደ እናቷ ኦሮምኛ ነው።

ሐጂ አልወደደውም። ልጁ በአባቷ አፍ እንድትናገር ነው የሚፈልገው። "የአባት ቋንቋ የትም አይሄድም፣ ይደርሳል። መጀመሪያ የምትወጣበት በር ይከፈት፤ የትኛውም በር ይሁን" አለችው ፈቲያ። ረጅም ጊዜ ተከራከሩ። ወደ መጨረሻው ሐጂ ነጋዴ ነውና ዋጋውን ቆረጠ። ሐያት እስከ አረፋ በዓል ክፍል ትመጣለች። እስከዚያ በገዛ አፏ አንድ ነገር ከጠየቀች ትቀጥላለች። ካልጠየቀች ቤቷ ትቀመጣለች፤ ያን ጊዜ ማንም ደጁን እንዳያንኳኳ።

"በአፏ አንድ ነገር" አለች ፈቲያ። "ማንኛውንም ነገር?"

"ማንኛውንም። ቃሌ ቃል ነው።"

ስንመለስ መንገድ ላይ ሙሉጌታ "ዶክተር፣ አይደርስም እኮ" አላት። እሷም "አላውቅም" አለችው። ከአፏ ብዙ ጊዜ የሚወጣ ቃል አልነበረም።

ሐያት ተመለሰች። ሙሉጌታ ጠረጴዛዋ ላይ የውሃ ማሰሮና ኩባያ፣ እጇ የማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ደግሞ የቆርኪ ከረጢት ያስቀምጣል። ከዚያ አንዴ ብቻ፣ "ማል ፌታ?" ይላታል። በኦሮምኛ ምን ትፈልጊያለሽ ማለት ነው። ይጠብቃል። እሷ ከወሰደችም በጣቷ ካሳየችም ይሰጣታል፤ ፈቲያ ልጅን በጥም ማስተማር ነውር ነው ትል ነበር። ቃል ግን አልመጣም። መጠበቁ ራሱ ለእኛ ከባድ ሥራ ነበር። አስተማሪ ዝም ሲል ሥራ የፈታ ይመስለዋል። አንዳንዴ ሙሉጌታ ከንፈሩን ነክሶ ሲይዝ አየዋለሁ። ፈቲያ ከጥግ ሆና "ዝም አይነቅዝም፣ አቦ" ትለዋለች።

ልጅቷ ለውጥ አላሳየችም አልልም። ጆሮዋን መያዝ ተወች። በሩ ሲከፈት ወደ በሩ ታያለች እንጂ አትሮጥም። አንድ ቀን ቆርኪ ስትደረድር አንዱን ፈቲያ መዳፍ ላይ አስቀመጠች፤ ፈቲያም ያንን ቆርኪ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞር ነበር። ግን ውሉ ላይ ያለው የአፍ ቃል ነው። አረፋም እየቀረበ ነው።

በዓሉ ሊደርስ ሰሞን ሐጂ ራሱ ሊያይ መጣ። ፈቲያ ከኋላ አስቀምጣው ዝም እንዲል ለመነችው። እሺ አለ። ሙሉጌታ ማሰሮውን አነሳ። "ማል ፌታ?" አላት። ሐያት ማሰሮውን አየች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ይህኔ ሐጂ ብድግ ብሎ፣ "ቢዮ በይ! ሐያት፣ ቢዮ በይ!" አላት። ቢዮ ማለት በሶማሊኛ ውሃ ነው። ልጅቷ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ስር ገባች። ከስንት ሳምንት በኋላ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ሐጂ ፊቱ ጠቆረ። "አየሽ? ይኸው ነው" ብሎ ወጣ። ፈቲያ ያን ሁሉ የምታውቀውን ስድብ ልታወርድበት ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን ወደ እኛ ዞራ፣ "ነገ ከሥራ በኋላ ድሪያ ልገዛ ነው፣ እናንተም ትመጣላችሁ" አለችን።

በማግስቱ የሐጂ ሱቅ ሄድን። ሱቁ መጋላ ውስጥ ከጨርቅ ተራው መሃል ነው፤ ድሪያ የሚባለው ሰፊ የሴቶች ቀሚስ ከጣሪያው እስከ መሬት ተንጠልጥሎበታል። ሐጂ ቀዝቀዝ ብሎ ተቀበለን፤ ገዢ ግን ገዢ ነው። ፈቲያ አንዱን ወይን ጠጅ ድሪያ መረጠች። ዋጋ ጠራ። እሷ ግማሹን ጠራች። ሐጂ ምንም አላለም። ጨርቁን ክንዱ ላይ ዘርግቶ መንገዱን ያያል። እሷም ዝም። አላፊ አግዳሚው ያልፋል፣ ከጎረቤት ሱቅ አንዱ ይጮሃል፤ ሁለቱ እንደ ተኮራረፉ ግመሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። እውነት ለመናገር እኔ ነበር የጨነቀኝ፤ ከኪሴ ልጨምርላት ምንም አልቀረኝም።

"ሐጂ" አለች በመጨረሻ፣ "ዋጋ ከጠራህ በኋላ ለምንድነው ዝም ያልከው?"

"ምን ልበል? ገዢ እያሰበ ሳለ የሚያወራ ነጋዴ የት ደረሰ? ወይ ዋጋህን ታወርዳለህ፣ ወይ ገዢህን ታሸሻለህ።"

ፈቲያ የሱቁ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መዳፏን ወደ ላይ አዞረች። ሐጂ አያት። ጨርቁን አየ። ጨርቁን ያለምክንያት ማጠፍ ጀመረ፣ መልሶ ዘረጋው።

"ልጄ እያሰበች ነበር ነው የምትይኝ?" አላት።

"እኔ ምን አልኩ?"

"ወላሂ አንቺ ሴትዮ…" አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ድሪያውን እሱ በጠራው ዋጋ ገዛችው። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ "ሌባ ነው፣ ዘረፈኝ" እያለች ለአገሩ ሁሉ ስታማው ከረመች። ድሪያውን ግን እስከ መጨረሻ ስትለብሰው ነው ያየኋት።

ሐጂ ከበዓሉ በፊት በነበረው የመጨረሻ የትምህርት ቀን ተመልሶ መጣ። ሳይጠሩት ነው የመጣው። ሙሉጌታ ማሰሮውን ሊያነሳ ሲል ሐጂ፣ "እኔ ልጠይቃት?" አለ። ፈቲያ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ሐጂ መሬት ላይ፣ ከልጁ ፊት ተቀመጠ። በማያምርበት ኦሮምኛ፣ "ማል ፌታ?" አላት። ከዚያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ውጪ ደወል ተደወለ፣ የሌላ ክፍል ልጆች ወጡ፣ ገቡ። የሐጂ አንገት ላይ አንድ ሥር ተገትሮ ይመታል። ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሶ ዘጋው። ሐያት ቆርኪዎቿን መሬት ላይ ደርድራ ጨረሰች። አባቷን አየችው። ማሰሮውን አየች። የአባቷ ጉልበት የመጨረሻውን ቆርኪ ነክቶታል።

"ዴሚ" አለች።

ጥርት ያለ፣ ትንሽ ሻካራ ድምፅ ነበር። ዴሚ ማለት በኦሮምኛ ሂድ ማለት ነው። ልጅቷ በዓለም ካሉት ነገሮች ሁሉ መካከል የጠየቀችው አባቷ እንዲነሳላት ነው።

ሐጂ ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር ልገልጸው አልችልም። ወደ ፈቲያ ዞረ። ፈቲያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጠይቃሃለች። በአፏ። ምን ትጠብቃለህ፣ ውጣ እንጂ!" አለችው።

ወጣ። ያ ትልቅ ሰው ጫማውን እንኳን በደንብ ሳያጠልቅ፣ ልጁ ስላዘዘችው ከክፍል ወጣ። በመስኮት ስናየው ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ስር ቆሞ በሽርጡ ጫፍ ፊቱን ይጠርጋል። ሙሉጌታም ጥግ ይዞ እያለቀሰ ነበር፤ እኔ የራሴን እንባ ላብ ነው አልኩ። ፈቲያ ብቻ ነበረች የማታለቅሰው። ወጥታ ዛፉ ስር ሄደችና እንደ ልማዷ ሬዲዮዋን ከፈተች። "የምን ማልቀስ ነው? ሴት ልጅ ወልደህ አልታዘዝም ልትል ነበር? ገና ምኑን አየህ፣ ደግሞ ድሪያዬን በስንት እንደሸጥክልኝ አልረሳሁም…" ሐጂ በእንባው መሃል ይስቃል።

ቃሉ ቃል ነበር። የጓሮው ክፍል ቁልፍ ወደ ሱቁ ሄደ፤ ሱቁን ይቆልፍበት ጀመር። ሐያት ክፍል ውስጥ ቀረች። በመጋላም "የልጄ የመጀመሪያ ቃል ሂድ ነው" እያለ ራሱ ሲያወራው ሰምቻለሁ፤ እየኮራ ነው የሚያወራው።

ፈቲያ ከዚያ በኋላ ብዙ መምህራን አስተምራለች። ለእኔ የመመረቂያ ጽሑፌን ስትመልስልኝ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፈችው "ብዙ ተናግረሃል" ብቻ ነበር። ግማሹን ቆርጬ መለስኩላት፤ ያን ጊዜ አሳለፈችኝ። መሐሪ አልነበረችም። ሰዓት አታከብርም፣ ደውላ ሳይጨርሱላት ትዘጋለች፣ ማርክ ስትሰጥ ርኅራኄ አታውቅም። እወዳት ነበር። ይህን ሳልነግራት ነው የሞተችው፤ ብነግራትም ወዲያው ለከተማው ታወራው ነበር።

ሙሉጌታ ከደወለልኝ በኋላ ለቅሶው ቤት ተገናኘን። ድንኳኑ መጋላ ውስጥ የቤታቸውን ጠባብ መንገድ ሞልቶ ተተክሏል። ቀብሩ አልቋል፤ ቁርአን ተቀርቷል፤ ሰው ሻይ ይዞ ወሬ ጀምሯል። በአራት ቋንቋ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ልክ እሷ እንደምትወደው። እኔና ሙሉጌታ ከወንዶቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀመጥን።

ሐጂ ዩሱፍ ሐያትን ይዞ ገባ። ቁመቷ አድጓል፤ የአባቷን እጅጌ ይዛለች። አሁን ጥቂት ቃላት አሏት፤ ከቤቱ ውጪ ግን እምብዛም አታወጣቸውም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሰዎቹን አንድ በአንድ አየች፤ ወደ ቤቱ በር አየች፤ እንደገና ሰዎቹን። ከዚያ፣ "ፈቲያ ኤሳ?" አለች። ፈቲያ የት ናት?

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ተነሳባት። አንድ ሽማግሌ በአማርኛ "ልጄ፣ ወደማይቀረው ሄዳለች" አሏት። ሌላው በሶማሊኛ ጀመረ። ከወዲያ በኩል በሐረሪ የሚያባብል ድምፅ መጣ፤ አንዱ ደግሞ ብስኩት ዘረጋላት። ሁሉም ከደግነት ነው። የሐያት እጆች ወደ ጆሮዎቿ ሲነሱ አየሁ።

ሐጂ እጁን ወደ ላይ አነሳ። "አቦ! አንድ ሰው ይናገር።"

ዝም አሉ። የሐያት እጆች ጆሮዋ ሳይደርሱ ቆሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱና ጉልበቷ ላይ አረፉ። መዳፏን ወደ ላይ አዞረች። ሙሉጌታ ክንዴን አጥብቆ ያዘኝ። ልጅቷ ጠይቃለች፤ አንዴ፣ በአንድ ቋንቋ። አሁን እየጠበቀችን ነው።

ሐጂ ከፊቷ ዞሮ ተቀመጠ። "ፈቲያ ዱቴ" አላት። ሞታለች። ሌላ ነገር አልጨመረበትም። የእሱም እጆች ጉልበቱ ላይ አረፉ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ዱዓ የተጀመረ መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ያዩዋቸው ተከተሉ፤ እየተከታተለ እስከ ድንኳኑ መግቢያ ደረሰ። እኔና ሙሉጌታም ጉልበታችን ላይ መዳፋችንን ወደ ላይ አዞርን። ዱዓውን የጀመረ ሰው አልነበረም፤ አሚን ያለም የለም። ሐያት የሰማችውን አንስታ እያገላበጠች ነበር። ጠበቅናት።